ከበር ጠባቂው ደብተር እስከ ሰርቨሩ፦ የደንበኛን የግል መረጃ ሕጉ በሚጠይቀው መንገድ ለመያዝ

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ካጸደቀው ወዲህ፣ ከድርጅት ባለቤቶች ደጋግሞ የሚሰማው ጥያቄ «የትኛውን ሶፍትዌር ልግዛ?» የሚል ነው። ጥያቄው ከጅራቱ የጀመረ ነው። አዋጁ ከሚጠይቀው አብዛኛው በእስክሪብቶና በወረቀት ይሠራል። ገንዘብ የሚያስወጣው ጥቂቱ ነው፤ የሚከብደው ለዓመታት ሳናስብ ስንሰበስብ የኖርነውን መተው ነው።

ይህ መመሪያ ለሕግ ባለሙያ የተጻፈ አይደለም። ክሊኒክ፣ የግል ትምህርት ቤት፣ ፔንሲዮን፣ የዕቃ ማድረሻ ወይም የሒሳብ አገልግሎት ለሚመራ ሰው ነው። ነገሩ እንዳይበታተን ግን አንድ ምሳሌ ይዤ እሄዳለሁ፦ ካርድ ክፍል፣ ላቦራቶሪ፣ ሁለት ሐኪሞች፣ አንዲት እንግዳ ተቀባይና አንድ በር ጠባቂ ያሉት መካከለኛ ክሊኒክ። የክሊኒኩን ጣጣ የተወጣ ሰው የሌላው አይከብደውም።

1. ተቆጣጣሪ ነዎት ወይስ አቀናባሪ?

ሕጉ ዳታ የሚይዙትን በሁለት ይከፍላቸዋል። ዳታው ለምን እና እንዴት እንደሚሰበሰብ የሚወስነው ተቆጣጣሪ ነው፤ በሌላ ድርጅት ትእዛዝ ዳታውን የሚያስቀምጥ፣ የሚያደራጅ ወይም የሚያሰላ ደግሞ አቀናባሪ። ክሊኒኩ የሕሙማኑን መዝገብ በተመለከተ ተቆጣጣሪ ነው። የሕሙማን መመዝገቢያ ሶፍትዌር የሚያከራየው ድርጅትና ደመወዝ የሚሠራለት የሒሳብ ቢሮ አቀናባሪዎች ናቸው። ያው የሒሳብ ቢሮ የራሱን ሠራተኞች ፋይል በተመለከተ ግን ተቆጣጣሪ ይሆናል። በስልክዎ የያዙት የዘመድ አዝማድ ቁጥር በዚህ ውስጥ አይገባም፤ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ልዩነቱን ቀድሞ መለየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፦ የታካሚው መረጃ ሲያፈተልክ «ሶፍትዌሩ የእነሱ ነው» ብሎ መሸሽ አይቻልም። ታካሚው የሚያውቀው ክሊኒኩን ነው፤ ሕጉም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። አቀናባሪውም ቢሆን የራሱ ግዴታዎች አሉበት፤ በክፍል 5 እመለስበታለሁ።

2. ከበሩ ይጀምሩና ዝርዝር ያውጡ

ደብተር ይያዙና ታካሚው በሚሄድበት መንገድ ይሂዱ። ቢሮ ተቀምጠው አይጻፉት፤ ከቢሮ የሚታየው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው።

በሩ ላይ የጠባቂው ደብተር አለ፦ ስም፣ ስልክ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የገባበት ሰዓት። ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ስሙን ሲጽፍ ከእሱ በፊት የገቡትን ሁሉ ያነባል። በሌላ ሕንጻ ይህ ነውር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ክሊኒክ ላይ ግን አንድ ሰው መምጣቱ ራሱ የጤና መረጃ ነው። ካርድ ክፍል ገብተው ካርዶቹን፣ መደርደሪያውንና ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ይመዝግቡ። ከዚያ እንግዳ ተቀባይዋን በትሕትና ስልኳን እንድታሳይዎ ይጠይቁ። በአብዛኛው እውነተኛው መዝገብ ያለው እዚያ ነው፦ በቴሌግራም የተላከ የላቦራቶሪ ውጤት ፎቶ፣ ደንበኞች የላኩት የባንክ ክፍያ ማረጋገጫ ከነሒሳብ ቁጥሩ፣ «ይህን ለዶክተር አሳይልኝ» የተባለ የቁስል ምስል። ስልኩ የግሏ ነው፤ ማታ ቤቷ ይዛው ትሄዳለች።

የደኅንነት ካሜራውን፣ የቀጠሮ መዝገቡንና የሠራተኛ ፋይሎችን አይርሱ። በሠራተኛ ፋይል ውስጥ የሚረሱ ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንደኛው ተወዳድሮ ያልተቀጠረው አመልካች ሲሆን፣ የሥራ ማመልከቻው ከነትምህርት ማስረጃው አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ። ሁለተኛው ዋሱ ነው። የገንዘብ ያዧ ዋስ የሆነው ሰው ክሊኒኩን ረግጦት ላያውቅ ይችላል፤ የመታወቂያው ቅጂና የደመወዙ መጠን የተጻፈበት ደብዳቤ ግን እርስዎ ዘንድ ነው።

ያገኙትን ሁሉ ሰባት ዓምድ ባለው ሰንጠረዥ ያስፍሩ፦ ምን ዓይነት መረጃ ነው፣ የማን ነው፣ ለምን ተያዘ፣ የት ተቀመጠ፣ ማን ያየዋል፣ ወደ ማን ይላካል፣ መቼ ይወገዳል። «ለምን ተያዘ» የሚለው ዓምድ ባዶ ሆኖ ቢቀር ባዶውን ይተዉት፤ ምክንያት አይፍጠሩለት። ሕጉ የዳታ አያያዝ መዝገብ እንዲኖር ስለሚጠይቅ ይህ ሰንጠረዥ የቤት ሥራ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ አዋጁን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሲመጣ የሚቀርበው እሱ ነው።

3. ቀይ እስክሪብቶ ያንሡ

አሁን ከሰንጠረዡ ላይ ይሰርዛሉ። አዋጁ ለታወቀ ዓላማ፣ ለዓላማው የሚበቃውን ያህል ብቻ መሰብሰብን ግዴታ አድርጎታል። እኔ ከሁሉም ደረጃዎች ይህን አስቀድማለሁ፤ ያልተያዘ መረጃ አይሰረቅም፣ አይጠፋም፣ አፈተለከ ተብሎም በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ሪፖርት አይጻፍበትም።

ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ጥያቄ ብቻ ያቅርቡ፦ ይህ ባይኖር የትኛው አገልግሎት ይቆማል? የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ በዚህ ጥያቄ ፊት ብዙ ጊዜ አይቆምም። ማንነትን ለማረጋገጥ መታወቂያውን ማየትና መመለስ ይበቃል። ቅጂውን ማስቀረት ግን ልማድ ሆኖብናል፣ «ለማንኛውም ይቀመጥ» እያልን። በዚህ ልማድ ውስጥ የተሸሸገ ሌላ አደጋም አለ። በቀድሞው የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር የሚል መስመር ነበር። የድሮ ቅጂዎች በካርቶን አጭቀው ካስቀመጡ፣ ሕጉ ስሱ (የበለጠ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው) ብሎ የለየውን የብሔር መረጃ ሳያውቁት በገፍ ይዘዋል ማለት ነው። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ብሔርም ሃይማኖትም አይመዘግብም። የፋይዳ ቁጥርን ደብተር ላይ መገልበጥ ግን ያው ልማድ በአዲስ ልብስ ነው፤ የግድ ካላስፈለገ ይተዉት።

ሃይማኖትን፣ የጋብቻ ሁኔታንና የእናት ስምን የሚጠይቁ ቅጾችም ከሌላ ቦታ ተገልብጠው የመጡ ናቸው። ክሊኒኩ ለሕክምና የሚያስፈልገው ከሆነ ይቆይ፤ ፔንሲዮኑና የስፖርት ማዘውተሪያው ምን ያደርጉበታል? የጠባቂው ደብተር ደግሞ በብጣሽ ወረቀት ሊተካ ይችላል፦ አንዱ ሰው በአንዱ ወረቀት ይጽፋል፣ ወረቀቱ ቀዳዳ ባለው ሣጥን ይገባል፣ ማታ ይቆጠራል፣ ሣምንት ሲሞላው ይወገዳል።

በዚህ ቀይ እስክሪብቶ የማይነካም አለ። የሠራተኛው የግብርና የጡረታ መዝገብ፣ የታካሚው የሕክምና መዝገብ፣ የሽያጭ ሰነዶች በሌላ ሕግ እንዲቆዩ የታዘዙ ናቸው። ሥራዎ የኢንተርኔት፣ የድረ ገጽ ማስተናገጃ ወይም የመሳሰለው የኮምፒውተር አገልግሎት ከሆነ ደግሞ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የትራፊክ ዳታን፣ ማለትም ግንኙነቱ ከየት ወደ የትና መቼ እንደተደረገ የሚያሳየውን መረጃ፣ ቢያንስ ለ1 ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድድዎታል፤ ፍርድ ቤት ካላዘዘም በምሥጢር እንዲጠብቁት ያዛል። አንዱ ሕግ አሳንስ፣ ሌላው አቆይ ይላል። በሰንጠረዡ «መቼ ይወገዳል» በሚለው ዓምድ የትኛው ሕግ እንዳቆየው ጭምር ይጻፉ።

4. ለእያንዳንዱ መስመር ሕጋዊ መሠረት ያግኙ

ብዙ ድርጅቶች ሕጉ «አስፈርም» ያላቸው ይመስላቸዋል፤ ለሁሉም ነገር አንድ የፈቃድ ቅጽ አዘጋጅተው ሰውን በር ላይ ያስፈርማሉ። ፈቃድ ከመሠረቶቹ አንዱ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም። ውልን ለመፈጸም፣ ሕግ የጣለውን ግዴታ ለመወጣት፣ የሰው ሕይወት ለማትረፍ፣ ለሕዝብ ጥቅም፣ እንዲሁም የሰውየውን መብት የማይጎዳ ተገቢ ጥቅም ለማስጠበቅ ሲባልም ዳታ ይያዛል።

የታካሚዋን ስልክ ለቀጠሮ ማስታወሻ መያዝ ራሱ የአገልግሎቱ አካል ነው። በዚያው ቁጥር ለእንቁጣጣሽ «የጥርስ ማጽዳት በቅናሽ» ብሎ መላክ ሌላ ዓላማ ስለሆነ የተለየ ፈቃድ ይፈልጋል። ራሱን ስቶ የመጣ ሰው ፈቃድ አይጠየቅም፤ ይታከማል። የጤና መረጃ ስሱ ስለሆነ ለሕክምናው ከሚያስፈልገው ውጭ ለሌላ ነገር ሲውል ጥንቃቄው ይጨምራል።

ፈቃድ ሲያስፈልግ በነጻነት የተሰጠ፣ ለአንድ ለታወቀ ጉዳይ የሆነና ሰውየው ገብቶት የሰጠው መሆን አለበት። ሲፈልግ ያነሳዋል። ፈቃድ መሰጠቱን የማስረዳት ሸክሙም በእርስዎ ላይ ነው፤ ስለዚህ «አዎ ብላ ነበር» አይበቃም፣ ቀኑና ጉዳዩ ይጻፍ። የሠራተኛ ፈቃድ ላይ ብዙ አይደገፉ፤ አለቃው እያየው የሚፈርም ሰው በነጻነት ፈረመ ለማለት ያስቸግራል።

በዚህ ክፍል በብዛት የሚጣሰው ምስል ነው። ከሕክምና በፊትና በኋላ የተነሣ የጥርስ ፎቶ በቲክቶክ፣ የተማሪዎች ስምና ፎቶ ከነውጤታቸው በቴሌግራም ቻናል። አዲሱን አዋጅ እንኳ ሳንጠራ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል። ከስልሳ ዓመት በላይ የቆየ ሕግ ነው፤ አላወቅሁም ማለት ያሳፍራል። ሕፃናት ሲሆኑ ደግሞ የሚጠየቀው ወላጅ ወይም አሳዳጊ ነው።

መሠረቱ ምንም ይሁን ምን ሰውየው እንዲያውቅ ይደረግ። እንግዳ መቀበያው ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«ስምዎን፣ ስልክዎንና የሕክምና ታሪክዎን የምንመዘግበው ለማከምና ቀጠሮዎን ለማስታወስ ነው። መዝገብዎን የሚያዩት ሐኪሙ፣ ነርሷና የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ናቸው። ናሙናዎ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ የሚላክ ከሆነ አስቀድመን እንነግርዎታለን። መዝገብዎን ለማየት፣ ስሕተት ለማስተካከል ወይም ቅሬታ ለማቅረብ ካርድ ክፍልን ያነጋግሩ። በምላሻችን ካልረኩ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማመልከት ይችላሉ።»

የሠፈሩ ሰው የሚናገረው ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ከሆነ በዚያም ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችሉ እንግዳ ተቀባይዋ ታንብብላቸው፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

5. ከአቀናባሪው ጋር የጽሑፍ ውል ይግቡ

የሶፍትዌር ኪራይ ውሉን አውጥተው ያንብቡት። ስለ ዋጋና ስለ ጥገና ይናገር ይሆናል፤ ስለ ዳታው ግን ዝም ያለ ነው። የሚከተሉት ካልተጻፉ ተጨማሪ ስምምነት ይፈርሙ፦ አቀናባሪው ዳታውን በክሊኒኩ ትእዛዝ ብቻ ይሠራበታል፤ ሠራተኞቹ ምሥጢር ለመጠበቅ ይፈርማሉ፤ ለሌላ ንዑስ ተቋራጭ ያለ ፈቃድ አያስተላልፍም፤ ችግር ሲፈጠር ወዲያውኑ ያሳውቃል፤ ውሉ ሲያበቃ ዳታውን ይመልሳል፣ የቀረውንም ያጠፋል። የመጨረሻው ላይ ይጽኑ። ክፍያ ዘገየ ተብሎ የሕሙማን መዝገብ መያዣ ሲደረግ የሚያስታርቀው ይህ መስመር ነው።

አቀናባሪው እርስዎ ከሆኑ፣ ማለትም የሒሳብ ቢሮ፣ የጥሪ ማዕከል ወይም የሶፍትዌር ቤት ካለዎት፣ ይህን ውል ራስዎ ይዘው ይቅረቡ። የደንበኛዎን የደመወዝ ዝርዝር ለሌላ ሥራ በተጠቀሙበት ሰዓት፣ ያለ ትእዛዝ የወሰኑት እርስዎ ስለሆኑ የተቆጣጣሪው ኃላፊነት ወደ እርስዎ ይዞራል።

6. ዳታው የት አገር ነው ያለው?

አዋጁ የሚሰበሰበው የግል ዳታ ኢትዮጵያ ውስጥ ባለ ሰርቨር ወይም የዳታ ማዕከል እንዲቀመጥ ይጠይቃል። ወደ ውጭ አገር ማስተላለፍም የራሱ ቅድመ ሁኔታዎች አሉት፤ ስሱ ዳታ ላይ የባለሥልጣኑ ፈቃድ ይጠየቃል። ለሶፍትዌር አቅራቢዎ ሁለት ጥያቄ ይጻፉ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ፦ ሰርቨሩ የት ነው? መጠባበቂያ ቅጂውስ? ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው ብዙዎቹ የሚንተባተቡት፤ ዋናው እዚህ ሆኖ ቅጂው በየሌሊቱ ባሕር ይሻገራል። በአገር ውስጥ አማራጭ የለም የሚለው ምክንያት አሁን አያስኬድም። ኢትዮ ቴሌኮም የክላውድ አገልግሎት ይሰጣል፣ አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥም የግል የዳታ ማዕከሎች አሉ።

የላቦራቶሪ ውጤትን በቴሌግራም መላክ በዚህ ዓይን ሲታይ ምን እንደሆነ አስቀድመው ገምተውታል። ውጤቱ ዝግጁ መሆኑን በአጭር መልእክት ይንገሩ፣ ውጤቱን ራሱን በእጅ ይስጡ።

7. በሩን፣ መሳቢያውንና ስልኩን ይዝጉ

እዚህ ላይ ረጅም ዝርዝር የሚሰጡ አማካሪዎች አሉ። እኔ አምስት ነገር ብቻ እላለሁ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ መግቢያና የይለፍ ቃል ይኑረው፤ አምስት ሰው በአንድ የይለፍ ቃል ሲገባ ማን ምን እንዳየ አይታወቅም። ሥራ የለቀቀ ሰው መግቢያ በዚያው ቀን ይዘጋ። የሥራ መልእክት የሚሄደው ክሊኒኩ በገዛው ስልክ ይሁን፤ ማታ ስልኩ ቢሮ ይደር። የኮምፒውተሩ ስክሪን ከወረፋው ይመለስ። ኮሪደር ላይ «የስኳር ቀጠሮ ያለው ማነው?» ብሎ መጣራት ይቅር፣ በካርድ ቁጥር ይጠራ። የመጨረሻው ምንም ወጪ የለውም፣ ለታካሚው ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው።

8. «መረጃ ስጡኝ» የሚል ሲመጣ

ታካሚው ራሱ መዝገቡን ለማየት፣ ለማስተካከል ወይም እንዲሰረዝለት ሲጠይቅ መብቱ ነው። ማንነቱን አጣርተው ይቀበሉት፣ የጠየቀበትን ቀን ይመዝግቡ፣ መልሱን በጽሑፍ ይስጡ። ሌላ ሕግ እንዲቆይ ያዘዘውን መዝገብ መሰረዝ አይችሉም፤ ምክንያቱን ግን ይንገሩት።

ችግር የሚመጣው ከሌሎቹ ነው። ባል ስለ ሚስቱ ውጤት በስልክ ይጠይቃል። ለሠራተኞቹ ሕክምና የሚከፍል መሥሪያ ቤት «ምን ሆኖ ነው ይህን ያህል የወጣበት?» ይላል። ለመጀመሪያው መልሱ አይሆንም ነው፣ ምንም ያህል ደግ ሰው ቢሆን። መሥሪያ ቤቱ ደረሰኙን ያገኛል፤ የበሽታውን ዓይነት ግን ሠራተኛው ካልፈቀደ አያገኝም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሙያ ምሥጢር ያወጣ ሐኪምንና ነርስን በወንጀል ይጠይቃል፤ ይህን ለሠራተኞችዎ አንድ ጊዜ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው።

ፖሊስ ሲመጣ ደብዳቤ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቁ። በአክብሮት ነው የሚጠየቀው፤ ሥራቸውን ማደናቀፍ አይደለም። የተጠየቀውን ብቻ ይስጡ፣ ምን እንደሰጡና ለማን እንደሰጡ ይመዝግቡ፣ የትእዛዙን ቅጂ ያስቀሩ።

9. ማስወገድ

ሱቅ ሄደው ቆሎ ሲገዙ መጠቅለያውን ገልብጠው አይተውት ያውቃሉ? የፈተና ወረቀት፣ የደመወዝ ዝርዝር፣ አንዳንዴም የላቦራቶሪ ቅጽ ነው። አሮጌ ወረቀት በኪሎ ተሽጦ እዚያ ይደርሳል። ጊዜው ያለፈበት ካርድ በመቁረጫ ማሽን ይቆረጥ ወይም ሰው ባለበት ይቃጠል፤ ሁለት ሰው ይፈርምበት።

ቁራሌው ለአሮጌ ኮምፒውተር ጥሩ ዋጋ ቢሰጥዎ ሃርድ ዲስኩን አውጥተው ይስጡት። ፋይሉን ማጥፋት አይበቃም፣ በቀላል ሶፍትዌር ይመለሳል። ሃርድ ዲስኩን በመሰርሰሪያ ይብሱት። የፎቶ ኮፒ ማሽን ውስጥም ማስታወሻ ሊኖር ስለሚችል ከመሸጥዎ በፊት ባለሙያ ያሳዩት።

10. ሲያፈተልክ፦ 72 ሰዓት

አርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የእንግዳ ተቀባይዋ ስልክ ታክሲ ውስጥ ተሰረቀ እንበል። የዳታ ጥሰት መድረሱ በታወቀ በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሰዓቱ ያልቃል፤ ከሦስቱ ቀናት ሁለቱ ቅዳሜና እሑድ ናቸው።

በመጀመሪያው ሰዓት የቴሌግራም መግቢያውን ከሌላ መሣሪያ ይዝጉ፣ ሲም ካርዱን ያሳግዱ፣ የሶፍትዌሩን የይለፍ ቃል ይቀይሩ። እያንዳንዱን እርምጃ ከነሰዓቱ ይጻፉ። ማታውኑ በስልኩ ላይ የማን መረጃ እንደነበረ ከእንግዳ ተቀባይዋ ጋር ተቀምጠው ያስታውሱ፤ ሰንጠረዡ እዚህ ላይ ዋጋውን ይከፍላል። የሚጻፈው ሪፖርት ምን እንደደረሰ፣ የስንት ሰው ምን ዓይነት መረጃ እንደተነካ፣ ምን ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል፣ ምን እንደተደረገና ማንን ማነጋገር እንደሚቻል ይይዛል። ሁሉም ካልተጣራ የታወቀውን ይላኩ፤ ቀሪውን ያስከትሉ። ጉዳቱ ከባድ የሚሆንባቸውን ሰዎች ደግሞ ሳይዘገዩ በቀጥታ ይንገሯቸው። የኤችአይቪ ውጤቷ በዚያ ስልክ ላይ ለነበረ ሴት ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእርስዎ ብትሰማ ይሻላታል።

አንድ ነገር ከአሁኑ ይወስኑ፦ ስልክ የጠፋባት ሠራተኛ በዚያው ቀን ከተናገረች ከደመወዟ አይቆረጥም። ቅጣት የፈራች ሠራተኛ እስከ ሰኞ ትደብቀዋለች።

11. ምዝገባ

ተቆጣጣሪዎችና አቀናባሪዎች በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ዘንድ እንዲመዘገቡ ሕጉ ይጠይቃል። ከመሄድዎ በፊት በሥራ ላይ ያለውን የምዝገባ መመሪያና ክፍያ ከባለሥልጣኑ ይጠይቁ፤ ከሌላ ድርጅት የተገለበጠ ቅጽ ይዘው አይሂዱ። ስሱ ዳታ በስፋት የሚይዝ ድርጅት የዳታ ጥበቃ ኃላፊ መሰየም ሊጠበቅበት ስለሚችል ሰውየውን አስቀድመው ያስቡ። ክሊኒኩ ላይ ለዚህ ሥራ የምመርጠው የካርድ ክፍል ኃላፊዋን ነው እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያውን አይደለም፤ የትኛው ካርድ የት እንዳለ የምታውቀው እሷ ናት። ከሥራ አስኪያጁ ጋር በቀጥታ የመነጋገር ሥልጣን በጽሑፍ ይሰጣት። ለምዝገባው ምን ዳታ እንደሚይዙ፣ ለምን ዓላማ፣ ለማን እንደሚያስተላልፉና እንዴት እንደሚጠብቁት ማስረዳት ይኖርብዎታል፤ ባለ ሰባት ዓምዱን ሰንጠረዥ ይዘው ይሂዱ።